የደረቀ ፔስት በይርጋ ይታገዳል?

ስልክ የሚሞተው ሁልጊዜ ሰው አጥብቆ ሲፈልገው ነው። የእኔም ባለፈው ክረምት የሞተው፣ የአንድ ወዳጄን የውል ረቂቅ አንብቤ አስተያየቴን ልነግረው በተቀጣጠርንበት ማለዳ ነበር። ነገሩን ይበልጥ የሚያናድደው ስልኩ ከሦስት ሳምንት በፊት ተጠግኖ የነበረ መሆኑ ነው። የቻርጅ መቀበያው ተበላሽቶ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው፣ የተጠየቅኩትን ሳልከራከር ከፍዬ፣ "እንደ አዲስ ሆኗል" ተብዬ ነበር የተመለስኩት።

በዚህኛው ዙር ወደ እህቴ ልጅ ሄድኩ። ከአንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክና ላፕቶፕ እየጠገነ የሚኖር ልጅ ነው። ስልኩን ፈታና ማዘርቦርዱን ከማጉያው ሥር አደረገው። ጥቂት አየና "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይመልከቱ" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቻርጅ መቀበያው እግሮች ከሰሌዳው ጋር የተያያዙበት ቦታ እንደ አመድ ግራጫ ሆኗል። ዙሪያውን ደግሞ ከጤፍ እጅግ ያነሱ የብረት ኳሶች ተበትነዋል።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሙቀቱ አንሶም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የደረቀ ፔስት ነው የምጠረጥረው" አለኝ።

እኔ ፔስት ሲባል የማውቀው የጥርስ ሳሙናን ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ጉዳዩን ስከታተል፣ ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። ኪሳችን ውስጥ ያለው ንብረት፣ ለሐኪም የምንደውልበት፣ ገንዘብ የምንልክበት ዕቃ፣ በዚህ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ በማናውቀው ቅባት የተያያዘ ነውና ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል ወደድኩ።

ፔስቱ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ሶልደር ፔስት የሚሉት ግራጫ ቅባት ሁለት ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው። አንደኛው እጅግ ደቃቅ የብረት ዱቄት ነው። በዓይን ዱቄት ይምሰል እንጂ እያንዳንዱ ቅንጣት ክብ ኳስ ነው። በብዛት ከሚሠራባቸው ዓይነቶች በአንዱ የቅንጣቷ ስፋት ከ20 እስከ 38 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ይገባናል። ሁለተኛው ፍለክስ የሚባለው ዝልግልግ ነገር ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ፓይን ከተባለው ዛፍ ሙጫ ከሚገኝ ሮዚን፣ ከማሟሚያ ፈሳሽ፣ ቅባቱን ከሚያወፍሩ ነገሮችና ለስለስ ካሉ አሲዶች ይዘጋጃል።

በክብደት ሲለካ ከፔስቱ 90 በመቶ ገደማ ብረት ነው፤ ፍለክሱ ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚቀልጥበትን ሙቀት ይወስናል። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ነባሩ ዓይነት በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እርሳስን ሲከለክል፣ ፋብሪካዎች ቆርቆሮን ከጥቂት ብርና መዳብ ወደሚያዋህደው ዓይነት ዞሩ። እሱ የሚቀልጠው ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ነው። ጠጋኞች ግን በአነስተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥና ለሥራ ስለሚቀል እርሳስ ያለውን ዛሬም ይወዱታል።

የፍለክሱ ሥራ ምንድን ነው? አብዛኛው ብረት አየር ሲያገኝ በላዩ ላይ ስስ የዝገት ቆዳ ያበቅላል። ያ ቆዳ እስካልተገፈፈ ድረስ የቀለጠ ቆርቆሮ ከመዳብ ጋር አይያያዝም፤ ዘይት የጠገበ ሳህን ላይ እንደ ፈሰሰ ውኃ ይንከባለላል። ፍለክሱ ሲሞቅ ያንን ቆዳ ይገፋል፣ ብረቱም ከብረቱ ይገናኛል። በእኔ ስልክ ላይ የታዩት የተበተኑ ኳሶች ቆዳቸው ሳይገፈፍላቸው የቀሩ፣ ስለዚህም ከጓደኞቻቸው ጋር ሳይዋሐዱ የደረቁ ቅንጣቶች ነበሩ።

ደረቀ ሲባል ምኑ ደረቀ?

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። "ፔስቱ ደርቋል" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠራን ነው።

የመጀመሪያው ማሟሚያው መትነኑ ነው። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ወይም ዕቃው ተከፍቶ ከዋለ ፈሳሹ ይተናል፤ ቅባቱም ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል። ብረቱና አሲዱ ግን ገና ደህና ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። ፍለክሱ ውስጥ ያለው አሲድ ሥራውን የሚጀምረው ሲሞቅ ብቻ አይደለም፤ በዕቃው ውስጥ ተቀምጦም ከብረት ቅንጣቶቹ ጋር ቀስ በቀስ ይዋጋል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ውጊያው ይፈጥናል። አየር ሲገባ ደግሞ ቅንጣቶቹ አዲስ የዝገት ቆዳ ያበጃሉ። ቅንጣቶቹ ደቃቅ በመሆናቸው ለአየር የተጋለጠው ገጻቸው ሲደመር እጅግ ሰፊ ነው። በመጨረሻ አሲዱ ጉልበቱን ጨርሶ፣ ብረቱም ዝጎ ይገኛል። ይህም ፔስት ሲነኩት ደረቅ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ፈውስ አለው። ሁለተኛው የለውም። የሻገተ ዱቄት ውኃ ቢጨምሩበት ሊጥ ይሆናል፤ የሚበላ እንጀራ ግን አይወጣውም። የዛገ ፔስትም በማለስለሻ ይለሰልሳል፣ ከመርፌው ይወጣል፣ ለዓይንም አዲስ ይመስላል፤ ሲሞቅ ግን አይዋሐድም። አደጋው ያለው ከመለስለሱ ላይ ነው።

አቀማመጡ

ፈውስ ከመፈለግ መጠበቅ ይቀላል። አምራቾች በአብዛኛው ፔስት ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ያዛሉ፤ በዚህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጡታል። በክፍል ሙቀት እንዲቀመጡ ተደርገው የሚሠሩም አሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። በረዶ ቤት ውስጥ ማስገባት ግን አምራቹ ካልፈቀደ በቀር አይመከርም፤ ፍለክሱ ባሕርዩን ሊለውጥና ከብረቱ ሊለያይ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከማቀዝቀዣ በማውጣቱ ላይ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ነውና ጠጋኙ ፔስቱን አውጥቶ ወዲያው ይከፍተዋል። ብርድ የያዘ ዕቃ ሲከፈት የአየሩ እርጥበት በላዩ ላይ ውኃ ሆኖ ያርፋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ያ ውኃ ሲሞቅ እየፈላ ብረቱን ይረጨዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው። ትልቁን ብልቃጥ ሳይከፍቱ አራት ሰዓት ያህል፣ ትንሹን ሲሪንጅም የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ መጠበቅ ይገባል። በሞቃት አየር ወይም በምድጃ አጠገብ ማቻኮል አይፈቀድም። ከዚያ በኋላ በቀስታ ማማሰል ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ሲሪንጅ ከሆነ አፉን ወደ ታች አድርጎ ማቆም፤ ብልቃጥ ከሆነ የውስጡን ክዳን ከፔስቱ ገጽ እስኪነካ ተጭኖ አየሩን ማስወጣት፤ ወጥቶ የተረፈውን ወደ ብልቃጡ አለመመለስ። የተረፈው አየርና ቆሻሻ የነካው ነው፤ ሲመለስ ደህናውንም ያበላሻል። ደግሞም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መግዛት። በወር ጥቂት ግራም ለሚጠቀም ሱቅ 500 ግራም ብልቃጥ ርካሽ ቢመስልም ከግማሽ በላዩ የሚጣል ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ማቀዝቀዣውን አለመክፈት፣ አስቀድሞም ጥቂት ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች ውስጡ ማስቀመጥ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ያቆያል።

ማቀዝቀዣው የማን ነው?

ከእህቴ ልጅ ጋር ስንጫወት "አንተስ የት ነው የምታስቀምጠው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ቤት ነዋ ጋሼ። ሱቁ ማቀዝቀዣ የለውም።"

እውነቱን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሁለት ሲሪንጅና አንድ ብልቃጥ በር ላይ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው የሁለት ዓመቷ ልጁ የወተት ጡጦ አለ። ብልቃጡ እርሳስ እንዳለበት በላዩ ተጽፏል።

በዚህ ነጥብ ቀልድ የለም። በብየዳ ሙቀት እርሳስ እምብዛም አይተንም፤ ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት ከእጅ ወደ አፍ ነው። ጭሱ የሚመጣው ከፍለክሱ ሲሆን እሱም ሳንባን ስለሚቆጣ መስኮት መክፈት ይገባል። ፔስት የነካ ጣት የማቀዝቀዣውን እጀታ ይነካል፣ ጡጦውን ይነካል። የሕፃን አንጎል ደግሞ ለእርሳስ እጅግ የተጋለጠ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ስለዚህ ፔስት ከምግብ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ አይቀመጥም። ታሽጎ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚለው መከራከሪያ እኔን አላሳመነኝም። ለሱቁ ትንሽ አሮጌ ማቀዝቀዣ መግዛት፣ ካልተቻለም በክፍል ሙቀት የሚቀመጠውን ዓይነት በትንሽ በትንሹ እየገዙ መጨረስ ይሻላል። ከሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በሥራ ጠረጴዛ ላይ አለመብላት፣ የተበላሸውንም ከቤት ቆሻሻ ጋር አለመጣል ግዴታ ነው።

የእህቴ ልጅ ምንም አልመለሰልኝም። ብልቃጡን ግን ያኔውኑ አንስቶ ወደ ቦርሳው ከተተው።

ፈውሱና ፈተናው

አሁን ወደ ደረቀው እንመለስ። የመጀመሪያው እርምጃ ሳይጨምሩበት ማማሰል ነው። ፍለክሱ ከብረቱ ተለይቶ ወደ ላይ የወጣ ብቻ ከሆነ በቀስታ ሲማሰል ይመለሳል። ካልተመለሰ ከፔስቱ ፍለክስ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ወፍራም ፍለክስ ጠብታ በጠብታ ይጨመራል።

ስንት? ቀደም ብዬ አደራ ያልኩት ቁጥር የሚያስፈልገን አሁን ነው። በ10 ግራም ፔስት ውስጥ ያለው ፍለክስ 1 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሰው ግማሽ ግራም "ትንሽ ጠብ" ቢያደርግበት ፍለክሱን በ50 በመቶ አሳደገው ማለት ነው። እንዲህ የቀጠነ ፔስት ሲሞቅ ከቦታው እየፈሰሰ ተጎራባች እግሮችን ያገናኛል። ስለዚህ በመርፌ ጫፍ ጨምሮ ማማሰል፣ አይቶ እንደገና መጨመር ነው።

የሚጨመረውም ዓይነት ወሳኝ ነው። አልኮል ያለሰልሳል፤ ግን በፍጥነት ስለሚተን ፔስቱ ዳግመኛ ይደርቃል፣ ሲሞቅም ይረጫል። ቫዝሊን ያለሰልሳል፤ የዝገቱን ቆዳ ግን አይገፍም። ለውኃ ቧንቧ ብየዳ የሚሸጠው አሲድ ቆዳውን ይገፋል፤ በኋላ ግን ሰሌዳውን ራሱን ይበላዋል። በውኃ መታጠብ ያለበትን ፍለክስ መታጠብ ከማያስፈልገው ጋር መደባለቅም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ የሚበላው ቅሪት ከማይታጠበው ሥር ተደብቆ ይቀራል።

ከለሰለሰ በኋላ ፍርዱ የሚሰጠው በእሳት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪው ማኅበር አይፒሲ ለዚህ የተደነገገ የኳስ ፈተና አለው፤ ሐሳቡን ማንም ጠጋኝ በሱቁ ሊሠራበት ይችላል። የእህቴ ልጅ የሚሠራው በተሰበረ የቡና ሲኒ ስባሪ ነው። ቀለጠ ብረት ሸክላ ላይ አይያዝም። በስባሪው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ፔስት ያኖራል፤ የዓይን መከላከያ አድርጎ ከማቅለጫው ሙቀት በጥቂት አሥር ዲግሪዎች ከፍ ያለ ሞቃት አየር ቀስ እያለ ይሰጣታል።

ደህና ፔስት ከሆነ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ የሚያብረቀርቅ ኳስ ይሆናል፤ ፍለክሱም ዙሪያውን ጥርት ብሎ ይቀራል። ከትልቁ ኳስ ዙሪያ እንደ ቀለበት የደቃቅ ኳሶች አጥር ከታየ ዝገቱ ፍለክሱን አሸንፎታል። ጭራሽ ሳይሰበሰብ እንደ አሸዋ ከቀረ ደግሞ ሞቷል። ፈተናው ከአንድ ሲኒ ቡና የፈጠነ ነው። ካለፈ በኋላም በተጣለ ሰሌዳ መዳብ ላይ ሞክሮ በደንብ መያዙን ማየት አይከፋም።

በፊቴ ሁለት ፔስት ፈተነ። አንደኛው የተጻፈበት ቀን ካለፈ አራት ወር የሆነው፣ ተዘግቶ በብርድ የኖረ ሲሪንጅ ነው። ጠንከር ብሎ ነበር፤ በጥቂት ፍለክስ ለሰለሰ፣ ሲሞቅም አንድ ኳስ ሆነ። ሁለተኛው ገና ሁለት ወር የቀረው፣ ግን ሱቅ ውስጥ ክዳኑ ላላ ብሎ የሰነበተ ብልቃጥ ነው። እሱም ለሰለሰ፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው የተሻለ መሰለ። ሲሞቅ ግን ዙሪያው በደቃቅ ኳሶች ተከበበ። ልክ በእኔ ስልክ ላይ እንዳየሁት።

የይርጋው ነገር

ሕግ የተማረ ሰው "ጊዜው አለፈ" የሚል ቃል ሲሰማ ይርጋን ያስባል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል የመነጨ ጥያቄ፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በስተቀር፣ በአሥር ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይርጋ እውነቱን አይመረምርም። ዕዳው በእርግጥ ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ አይጠይቅም፤ ቀኑን ይቆጥራል፣ በሩን ይዘጋል።

ፔስት ግን በይርጋ አይዳኝም። ቀኑ ያላለፈበት ሞቶ፣ ያለፈበት በሕይወት ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። በዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን አምራቹ በታዘዘው መንገድ ከተቀመጠ ብቻ የሚቆምለት ዋስትና ነው። ስለዚህ ጠጋኝ ቀኑን አይቶ ብቻ መጣልም ማመንም የለበትም፤ ማስረጃውን ይስማ።

ይህ ማለት ግን ፈተና ያለፈ ሁሉ ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። የኳሱ ፈተና ዛሬ መዋሐዱን ይነግረናል፤ ለዓመታት መጽናቱን አይነግረንም። ለልምምድ፣ ለራስ ዕቃ፣ ለተጣለ ሬዲዮ ማስነሻ የታደሰ ፔስት ይበቃል። ለሕክምና መሣሪያ፣ ለመኪና ፍሬን መቆጣጠሪያ፣ በአጠቃላይ ሲበላሽ ሰው ለሚጎዳበት ዕቃ አይሆንም። ለደንበኛ ስልክስ? እዚህ ላይ እኔና የእህቴ ልጅ ብዙ ተከራከርን።

"ፈተናውን ካለፈ ምን ልዩነት አለው? ፔስት እኮ ውድ ነው ጋሼ" አለኝ።

"ለአንድ ስልክ ስንት ይፈጃል?"

አሰበና ሳቀ። ከግራም በታች ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው፤ ለጥቂት ሳንቲም ፔስት ሲባል የሰውን ስልክና የራስን ስም ማስያዝ።

ከዋጋው በላይ ግን ሌላ ነጥብ ነገርኩት። በሕጋችን ይርጋን ፍርድ ቤት በራሱ አያነሳውም። ተከራካሪው ወገን ራሱ መቃወሚያ ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ እንደሌለ ይቆጠራል። ፔስትም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ መቃወሚያውን ሊያነሳ የሚገባው ደንበኛ ፔስት የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አለማወቁ ነው። እኔ ባለጉዳዩ ሕግ ተምሬ፣ በዕድሜም ከሃምሳ አልፌ፣ ስልኬን ባስጠገንኩ ቀን ምን ብዬ እቃወም ነበር? ተቃዋሚ በሌለበት ችሎት ላይ የሚፈርደው ጠጋኙ ብቻውን ነው። ብቻውን የሚፈርድ ሰው ደግሞ ለሌለው ወገንም ማሰብ አለበት።

የመጀመሪያውን ጠጋኝ ሄጄ አልከሰስኩትም፣ አልወቀስኩትምም። ያንን ሥራ ያበላሸው ፔስት ይሁን ሙቀት በማስረጃ ላረጋግጥ አልችልም፤ ያለ ማስረጃ መክሰስን ደግሞ አልተማርኩም። ምናልባት እሱም ብልቃጡ እንደ ሞተ አላወቀም ይሆናል። አንባቢ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ሲያስጠግን "ፔስቱ መቼ ተከፈተ?" ብሎ ቢጠይቅ አይከፋም። መልሱ ባይገባን እንኳ ጥያቄው ጠጋኙን ወደ ብልቃጡ እንዲመለከት ያደርገዋል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቁ ጎራ ብዬ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ አሮጌ ማቀዝቀዣ ተቀምጣለች። ከፍቼ አየሁ፤ ምግብ የለም። በእያንዳንዱ ሲሪንጅ ላይ ወረቀት ተለጥፎ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። ያቺ ቀኗ ያለፈባት፣ ግን ፈተናውን ያለፈችው ሲሪንጅ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ ወረቀቷ ላይ "ለልምምድ ብቻ" ይላል።